አንዱ አረረ፣ አንዱ መረረ፣ አንዱ ለሰለሰ

ቆሎ ሲታመስ እያየሁ ነው ያደግኩት። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንቱን የቡና ቁርስ ስታዘጋጅ እኔ ከጎኗ ቁጭ ብዬ ገብስ እለቅም ነበር። ስለዚህ ለገና እንግዶቼ የጥብስ ቅጠል ያለበት ለውዝ እሠራለሁ ብዬ ስነሳ ቅንጣት ታህል አልፈራሁም። ለውዝ መቁላት ምን አለው?

ሐሳቡ የመጣልኝ ሠርግ ላይ ነው። ከቢራው ጋር በትንንሽ ሳህን ለውዝ ቀረበ። አንድ ፍሬ አፌ ውስጥ ጣል አደረግኩ። ጥብስ ጥብስ ሸተተኝ። ጨው አለው፣ ትንሽ ያቃጥላል፣ ደግሞ ሌላ ስሙ የጠፋኝ ቅጠል አለበት። ከዚያ በኋላ እጄን ከሳህኑ ማንሳት አቃተኝ። የሠራውን ሰው ፈልጌ ልጠይቅ ብዬ አፈርኩ። ቤቴ እሞክረዋለሁ አልኩ።

የመጀመሪያው አረረ። ሁለተኛው መረረ። ሦስተኛው አላረረም አልመረረም፤ ግን ሲያኝኩት የተቀቀለ ባቄላ ሆነ። አሁን ሰው ቤት ስጠራ «ያን ለውዝ ይዘሽ ነይ» እባላለሁ። እዚህ እስክደርስ ስንት ኪሎ እንዳበላሸሁ ባለቤቴ ቆጥሮታል፣ እኔ አልቆጠርኩም። እናንተ እንዳታበላሹ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው ስህተቴ ጥድፊያ ነበር። ቅጠሉን አጥቤ፣ ከትፌ፣ ከጥሬው ለውዝ፣ ከዘይቱና ከጨው ጋር አንድ ላይ ለወስኩት። ኦቭኑን 200 ዲግሪ ላይ አድርጌ ከተትኩት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ቅጠሉ ከሰል ሆነ። ለውዙም ከላይ ጠቁሮ ከውስጥ ጥሬ ነበር። ስሰብረው መሀሉ ነጭ። ቢያስቡት ነገሩ ቀላል ነው፤ ቅጠሉ ስስ ነው፣ ለውዙ ወፍራም ነው። ለአንዱ የሚበቃው እሳት ለሌላው አይበቃም። እኔ ግን ያኔ አላሰብኩትም።

በሁለተኛው ሙከራ እሳቱን ቀነስኩ፤ ቅጠሉን ግን አሁንም ከመጀመሪያው ጨመርኩት። አልከሰለም፣ ቡናማ ሆነና መረረ። በዚያ ላይ ሚጥሚጣውን የጋለ መጥበሻ ላይ ነሰነስኩት። ወዲያው ቤቱ በሙሉ ማሳል ጀመረ። አማቴ ሳሎን ሆነው «ምነው ልጄ፣ ሰይጣን ገባ እንዴ ቤቱን በበርበሬ የምታጥኚው?» አሉ። መስኮት ሁሉ ተከፍቶ ነው ምሳ የበላነው።

ሦስተኛው ላይ ብልጥ ሆንኩ ብዬ ቅጠሉን መጨረሻ ላይ ጨመርኩት። ግን ከታጠበ በኋላ አላደረቅኩትም። ለውዙም ትኩስ እንዳለ ማሰሮ ውስጥ ከትቼ ክዳኑን ጠረቀምኩት። ጠዋት ስከፍተው ክዳኑ ላይ ጤዛ ቆሟል። ኮሽ የሚል ነገር የለም።

እነዚህ ሦስቱ ናቸው እንግዲህ፤ የበዛ እሳት፣ ቀድሞ የገባ ቅጠልና ውሃ። ከዚያ ወዲህ የደረሰብኝ ጥፋት ሁሉ ከሦስቱ አንዱ ነው።

ወደ አሠራሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ለውዙ ራሱ ትንሽ ላውራ። እኛ ለውዝ ወይም ኦቾሎኒ የምንለው በአረብኛ ለውዝ ከሚባለው ጋር አንድ አይደለም። የእነሱ ለውዝ አልመንድ ነው። የአሮን በትር ያፈራችው ለውዝም አልመንዱ ነው። የእኛው የባቄላና የሽምብራ ዘመድ ነው። አበባው ከላይ ያብባል፣ ፍሬው ግን አፈር ውስጥ ይሠራል። ጥሬውን ብትቀምሱት ባቄላ ባቄላ የሚላችሁ ለዚህ ነው። ያንን የጥሬ ጣዕም የሚያጠፋው ደግሞ ቀስ ያለ እሳት ነው።

አፈር ውስጥ ማደጉ ሌላም ጣጣ አለው። ሻጋታ በቀላሉ ያገኘዋል። በደንብ ሳይደርቅ ከተከማቸ ደግሞ ይብስበታል። አፍላቶክሲን የሚባለው፣ ጉበት የሚጎዳው መርዝ የሚመጣው ከዚህ ሻጋታ ነው። ይሄን መርዝ ቆልተን አናጠፋውም። እሳት ይገድለዋል ብላችሁ እንዳትታለሉ። መፍትሔው መልቀም ነው። የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ያለበትን፣ የነቀዘውን አውጥታችሁ ጣሉ። ለዶሮም አትስጡ፤ ዶሮንም ይጎዳል። የተቆላውን ስትበሉም አንድ የጎመዘዘ ፍሬ አፋችሁ ከገባ ትፉት። በይሉኝታ አትዋጡት።

እኔ የምገዛው ሾላ ገበያ ነው። የተፈለፈለ ጥሬ ለውዝ። ባለ ሱቆቹ ብዙ ጊዜ «የባቢሌ ነው» ይሉኛል። ምሥራቅ ሐረርጌ፣ ባቢሌ አካባቢ፣ በለውዝ የታወቀ ነው። ከአሶሳ በኩል የሚመጣም አለ። እውነቱን ለመናገር በዓይን አልለየውም። የማየው ሌላ ነገር ነው። ፍሬው እኩል ይሁን። ትንሽና ትልቅ ከተደባለቀ ትልቁ እስኪበስል ትንሹ ያርራል። ከዚያ እፍኝ አድርጌ አሸትተዋለሁ። የቆየ ዘይት ከሸተተኝ አልገዛም። አንድ ጊዜ ከሰፈር ሱቅ በርካሽ አገኘሁ ብዬ ሁለት ኪሎ ገዛሁና ስለቅመው ሩቡን ያህል ጣልኩት። ርካሹ ተወደደብኝ።

አሁን ወደ መጥበሻው። ልኩን ለግማሽ ኪሎ ልንገራችሁ። አንድ ኪሎ በአንድ ጊዜ መሞከር ይቻላል፣ ግን ይደራረብና ከታች ያለው ያርራል። ሁለት ጊዜ መቁላት ይሻላል።

መጀመሪያ ጨው። ደረቅ ጨው በተቆላ ለውዝ ላይ ብትበትኑ ሳህኑ ሥር ነው የምታገኙት። አይያዝም። እናቴ ለገብስ ቆሎ የምታደርገውን አስታወስኩና ለለውዝም አደረግኩት። አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ጨው በአንድ ሲኒ ሙቅ ውሃ አሟሟለሁ። ጥሬው ለውዝ ላይ አፈስና በደንብ አገላብጠዋለሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ መሀል ላይ ሁለት ሦስቴ አገላብጠዋለሁ። ከዚያ የቀረውን ውሃ አጠልና ሰፌድ ላይ አሰጣዋለሁ። አንድ ሰዓት፣ ፀሐይ ከሌለ ሁለት ሰዓት። እላዩ በእጅ ሲነካ ደረቅ መሆን አለበት። ስትቆሉት ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ልጣጩ ላይ እንደ ቀጭን አመዳይ ይቀራል። አንዴ እንዲህ ከሠራችሁት ጨው መበተን ትተዋላችሁ።

ኦቭን ያለው 160 ዲግሪ ላይ ያድርግ። ትሪው ላይ አንድ ረድፍ ሆኖ ይዘርጋ፤ አይደራረብ። ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። በየአምስት ደቂቃው አውጥቶ ማገላበጥ ነው። ኦቭን የሌለው ምንም አይቀርበትም። እንዲያውም እኔ አሁን የምጠቀመው ወፍራም የብረት መጥበሻ ነው። ምክንያቱ መብራት ነው። አንድ የበዓል ዋዜማ ለውዙ ኦቭን ውስጥ እንዳለ መብራት ሄደ። ኦቭኑ ትኩስ ስለሆነ በዚያው ይበስላል ብዬ ተውኩትና ወደ ዶሮዬ ዞርኩ። መብራት ሲመጣ ኦቭኑም አብሮ ተነሳ፤ እኔ ረስቼዋለሁ። ያስታወሰኝ ሽታው ነው። መጥበሻ ከሆነ በጋዝም በከሰልም ይሄዳል። እሳቱ ዝቅ ይበል። በእንጨት ማማሰያ ሳታቋርጡ እመሱ። ስልክ አትመልሱ። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት።

መብሰሉን እንዴት ታውቃላችሁ? በጥርስ አትሞክሩት። ትኩስ ለውዝ ምንጊዜም ለስላሳ ነው፤ ኮሽ የሚለው ሲቀዘቅዝ ነው። እኔ በዚህ ተታልዬ «ገና ነው» እያልኩ ስንቱን አሳርሬያለሁ። በጆሮና በዓይን ነው የሚታወቀው። መጀመሪያ ጠሽ ጠሽ ማለት ይጀምራል። ትንሽ ቆይቶ ልጣጩ በጣት ሲያሹት ይለቃል። ያኔ አንዱን ለሁለት ሰንጥቁት። ውስጡ ነጣ ያለ ማኪያቶ ከመሰለ አውጡት። ማኪያቶው ከጠቆረ አልፏል። ከእሳት ከወረደም በኋላ በራሱ ሙቀት ትንሽ መብሰሉን ይቀጥላል። ስለዚህ «ትንሽ ይቀረዋል» ስትሉ ማውረድ ነው። መጥበሻው ላይም አትተዉት፤ ወደ ቀዝቃዛ ትሪ ገልብጡት።

ልጣጩን ትወዱታላችሁ? እኔ ለቤት ስሠራ እተወዋለሁ። ለእንግዳ ግን እልጠዋለሁ፣ ቅጠሉ የሚይዘው በተላጠው ላይ ነውና። ሞቅ እንዳለ በንጹሕ ጨርቅ ይዞ ማሸት፣ ከዚያ በሰፌድ ማንፈስ። ሲላጥ የጨው አመዳይ አብሮ ይሄዳል፤ ውስጥ የገባው ግን ይቀራል። ቀምሳችሁ ካነሰ፣ ዘይቱ ሲገባ የደቀቀ ጨው ቆንጠር አድርጋችሁ ጨምሩ። ማንፈስ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። አንድ ጠዋት በረንዳ ላይ ቆሜ አነፍሳለሁ፤ ነፋሱ ልጣጩን ይዞልኝ ይሄዳል፤ ደስ ብሎኛል። ለካ ከታች ያሉት እትዬ ነጠላ አስጥተዋል። እርጥብ ነጠላ፣ ለቤተ ክርስቲያን የታጠበ። መልኩ ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱት። ይቅርታ ለመጠየቅ ስወርድ በትንሽ ጣሳ ለውዝ ይዤ ወረድኩ። ተቆጡ፣ ቀመሱ፣ ተቆጡ፣ ደግመው ቀመሱ።

አሁን ዋናው፣ ቅጠሉ። እስከ አሁን ያላነሳሁት ሆን ብዬ ነው። ለውዙ ተቆልቶ ከእሳት እስኪወርድ ቅጠል የሚባል ነገር አጠገቡ አይደርስም።

ለግማሽ ኪሎ ሦስት ዘለላ የጥብስ ቅጠል ይበቃል። ከማታው አጥቤ ጨርቅ ላይ እዘረጋዋለሁ፤ ጠዋት ጠብታ ውሃ የለውም። ውሃ ካለው ዘይቱ ይፈናጠራል፣ እጅም ያቃጥላል። ቅጠሉን ከእንጨቱ እሸመጥጠዋለሁ። በትንሽ መጥበሻ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት በዝግታ አሞቃለሁ። ቅጠሉን ስጨምረው ቸስ ይላል። ድምፁ ሲቀንስ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ላይሞላ ይችላል፣ በውስጡ የነበረው ውሃ አለቀ ማለት ነው። ያኔ አወርዳለሁ። ቅጠሉ አረንጓዴነቱን እንደያዘ በጣት ሲነኩት የሚሰባበር ይሆናል። ዘይቱም ሽታውን ወስዷል። ዘይቱን ከነቅጠሉ ሞቅ ያለው ለውዝ ላይ አፈስና አገላብጣለሁ። ግማሹን ቅጠል በጣቴ አደቅቀዋለሁ፣ ግማሹን እንዳለ እተወዋለሁ። ሲታይ ያምራል።

ሠርጉ ላይ ስሙ የጠፋኝ ሌላው ቅጠል ጦስኝ ነበር። ሻይ ውስጥ እንጂ ለውዝ ላይ አይቼው ስለማላውቅ ነው ያልለየሁት። ያገኘሁትም ሻይ ስጠጣ ነው፤ ስኒውን ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ «አንተ ነህ እንዴ!» አልኩ። ጦስኝ ደረቅ ስለሆነ ዘይት ውስጥ አይገባም፤ ቶሎ ያርራል። አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል በመዳፌ መሀል አሽቼ ዘይት የነካው ለውዝ ላይ እበትነዋለሁ። ውጭ አገር ያላችሁ ጦስኝ ካላገኛችሁ በሱፐርማርኬት ታይም የሚባለው የቅርብ ዘመዱ ነው። የጥብስ ቅጠሉም እዚያ ሮዝመሪ የሚባለው ነው።

ሚጥሚጣ የመጨረሻው ነው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ። እንግዳው ልጅም አዋቂም ከሆነ ለሁለት ከፍዬ አንዱን ያለ ሚጥሚጣ እተወዋለሁ።

ነጭ ሽንኩርት ሞክሬ ነበር። እርጥቡን ከትፌ ዘይት ውስጥ ስጨምር ወይ ያርራል ወይ ይለሰልሳል፤ መሀከል የለውም። ትቼዋለሁ። በሶብላም ሞክሬያለሁ። ደረቁ ጥሩ ነው፣ ግን ጦስኝን ይውጠዋል። ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጉ። በርበሬ ደግሞ ከገብስ ቆሎ ጋር ይስማማል፤ ለውዝ ላይ ግን ዱቄት ዱቄት ይላል።

ለፍስክ ቀን ለሰው ሁሉ የምነግረው አንድ ነገር አለኝ። በዘይቱ ፋንታ ንጥር ቅቤ። ኮሰረቱ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማው ሁሉ ሲነጠር ገብቶበታል፤ ሌላ ቅጠል አያስፈልገውም። አንድ የሾርባ ማንኪያ አቅልጦ ትኩስ ለውዝ ላይ ማፍሰስ ብቻ ነው። ጣዕሙን መግለጽ አልችልም። ግን አይቆይም። በተሠራበት ቀን፣ ቢበዛ በማግስቱ ማለቅ አለበት። በፆም ቀን ደግሞ አይሆንም። ቅመም እንዲይዝ የእንቁላል ነጭ የሚጨምሩም አሉ፤ ጥሩ ይይዛል፣ እሱም ግን የፍስክ ነው። የእኛ እንግዳ መቼ እንደሚፆም አይታወቅምና በዘይት የተሠራው ከሁሉ ጋር ያስማማል።

ካሹና አልመንድ መቀላቀል ለሚፈልግ፣ አብራችሁ አትቁሉ። ካሹ ቶሎ ይደርሳል፤ በዚያው እሳት አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። አልመንድ ከእሱ ትንሽ ይዘገያል። ለየብቻ ቆልታችሁ ቅጠሉ ላይ አገናኟቸው። ዋጋቸው ግን ያሳስባል። እኔ በእነሱ ፋንታ የሽምብራ ቆሎ እቀላቅላለሁ። የጦስኝ ሽታ ሽምብራ ላይ እንደሚያምር ለውዝ ላይ አያምርም፤ ይሄ የግሌ አስተያየት ነው፣ ቤቴ ውስጥ ራሱ አልተስማማንበትም።

እንግዳ ሲመጣ የማደርገው እንዲህ ነው። ለውዙን በዋዜማው እቆላና አቀዘቅዛለሁ። ቅጠሉን አልጨምርም። በዕለቱ እንግዳ ሊደርስ ሲል መጥበሻው ላይ ሦስት አራት ደቂቃ አሞቀዋለሁ፤ ከዚያ ዘይቱንና ቅጠሉን። ሰው በሩን ሲከፍት የሚቀበለው ሽታ ግማሽ ግብዣ ነው። መሀል ላይ አንድ ትልቅ ሳህን ማስቀመጥ ትቻለሁ። ዳር የተቀመጠው አይደርሰውም፣ መሀል ያለው ይጨርሰዋል፣ እጅ ሁሉ ይገባበታል። በትንንሽ ሳህን ለሁለት ለሁለት ሰው አስቀምጣለሁ፣ ማንኪያ አድርጌበት። ምግብ ካለ ግማሽ ኪሎ ለስምንት ሰው ይበቃል። ቢራና ጨዋታ ብቻ ከሆነ አንድ ኪሎም ላይበቃ ይችላል።

ሁለት ነገር ግን ሳትጠይቁ አታቅርቡ። ለውዝ የማይስማማው ሰው አለ፤ ለአንዳንዱ ነገሩ ማሳከክ ብቻ ሳይሆን ትንፋሽ የሚያሳጥር ነው። «ለውዝ የማይበላ አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ሁለተኛው ሕፃናት ናቸው። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሙሉ ፍሬ አይሰጥም፤ ጉሮሮው ላይ ይሰነቀራል። ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ከሆነ ልጁ ራሱ ይደርስበታልና ከፍ ያለ ቦታ ይሁን።

የቀረ ካለ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ። ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ከዚያ በኋላ ዘይቱ መሽተት ይጀምራል። በመሀሉ ከለሰለሰ ዝቅ ባለ እሳት ሦስት ደቂቃ ማሞቅና እንደገና ማቀዝቀዝ ነው፤ ይመለሳል።

ከታች ያሉት እትዬ የወሰድኩላቸውን ጣሳ በሳምንቱ መለሱት። ባዶ ዕቃ አይመለስምና በዳቦ ቆሎ ሞልተው። እኔም በለውዝ ሞልቼ መለስኩ። ጣሳው እስካሁን ደረጃውን ይወጣል ይወርዳል። በረንዳ ላይ ማንፈስ ግን ተከልክያለሁ።

ማሰሮው ሥር የምትቀረውን ፍርፋሪ አትድፏት። የደቀቀ ለውዝ፣ ጨው፣ ጦስኝና የቅጠል ስብርባሪ ነው። እኔ ቲማቲም ሰላጣ ላይ እነሰንሳታለሁ። ልጄ በማንኪያ ጠርጎ ይበላታል፣ ማን ይቀድማል ነው።